ከጎን ብቻ የምትታወቀው አስተማሪ

ሌላው ሰው ሰውን በፊቱ ሲያውቅ፣ እሷ ግን ሰውን የምታውቀው በእግሩ ነበር። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በመኪና ቀኝ ወንበር ተቀምጣ ለማጆችን ስታስተምር፣ አንድ ዓይኗ መንገዱ ላይ፣ ሌላው ፍሬኑ አጠገብ ባለው የተማሪው ጫማ ላይ ነበር። "አፍ ይዋሻል፤ እግር አይዋሽም" ትላለች። አንዱ "ምንም አልፈራሁም" እያለ ተረከዙ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ሲርበደበድ ታያለች። ሌላዋ "ወይኔ፣ ዛሬ ሞቼልሻለሁ" እያለች እግሯ የግራውን መርገጫ፣ ፍሪሲዮኑን፣ ልክ በልኩ ሲለቅ ታያለች። እሷ የምታስበው ለመጀመሪያው ነው።

ተማሪዎቿ ያወጡላት ስም "እትዬ ቀስ" ነው። ሲፈጥኑም ቀስ፣ ሲታጠፉም ቀስ፣ ሞተር ጠፍቶባቸው መሪው ላይ ሲደፉም ቀስ ስለምትል ነው። "መብራት ይዞን ቆመን እንኳ ቀስ በል ትለኛለች" ብሎ አንዱ ተማሪዋ አስወርቶባት ነበር። እሷ ስሙን ስትሰማ አልተቀየመችም። ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው አስተማሪዎች እንዳሉ ታውቃለች።

ዘንድሮ ግን ቀስ የማይል ነገር አደረገች። ከትልቁ የመንጃ ማሰልጠኛ ለቃ የራሷን ከፈተች። የራሷ ሲባል አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና ናት፤ በቀኝ ወንበር በኩል ሁለተኛ ፍሬንና ሁለተኛ ፍሪሲዮን የተገጠመላት፣ የፊት መስታወቷ ላይ ለአስተማሪ የምትሆን ትንሽ ስፖኪዮ የተለጠፈባት፣ አናቷ ላይ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ የተሸከመች። ፈቃዱ ወጥቷል፣ ጎማው ተቀይሯል፣ ወንበሩ ታጥቧል። የጎደለው ተማሪ ብቻ ነው።

የቀድሞ አለቃዋ ስትለቅ አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ የተቆጣ ሰው ቤት መመለስ ያሳፍራልና መንገዱ ይዘጋላት ነበር። እሳቸው ግን የሰባት ቁጥሯን መኪና ቁልፍ በግድግዳው ምስማር ላይ አንጠልጥለው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ለማንም እንደማይሰጡት ነገሯት። እሷም የወሩ መጨረሻ ቀን በእግሯ መጥታ ቁርጡን በአፏ እንደምትነግራቸው ቃል ገባች። ለራሷ ደግሞ በልቧ ልክ አበጀች። እስከዚያ ቀን አምስት ተማሪ ካገኘች ትቆማለች፤ ካላገኘች ቁልፉን አንስታ ወደ ሰባት ቁጥር ትመለሳለች። ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት፤ ተስፋ ጥሩ ነው፣ ግን ድስት አይጥድም።

ሁለት ሳምንት ሲያልፍ የተገኘው ተማሪ አንድ ነው፤ የእህቷ ባል ታናሽ ወንድም። እሱም ሲመቸው የሚመጣ፣ ሲመጣም "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" እያለ የሚያደርቃት። እሷ የምትፈልጋቸው እንደሱ ያሉትን አልነበረም። ሁለቴ ሦስቴ የወደቁትን፣ መሪ ሲጨብጡ መዳፋቸው የሚያልባቸውን፣ ሌሎች አስተማሪዎች የሰለቿቸውን ነው የምትፈልገው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በየቤቱ እንዳሉ ታውቃለች። እነሱ ግን እሷ መኖሯን አያውቁም።

መላውን ያመጣችው ልጇ ናት፤ አስራ አምስት ዓመቷ ነው፣ የእናቷን የፌስቡክ ገጽ የምታስተዳድረውም እሷ ናት። ገጹ ላይ የነበረው የሰማያዊዋ መኪና ፎቶ ብቻ ነው።

"መኪናዋ ታምራለች እማ" አለቻት፤ "ግን መኪናዋ አይደለችም የምታስተምረው። ሰው ከማን ጋር ተዘግቶ እንደሚቀመጥ ማየት ይፈልጋል።"

ነገሩ እውነት ነበር። ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር በር ዘግቶ፣ ቀበቶ አስሮ፣ ነፍሱን አደራ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ፊት ሳያይ እንዴት ይግባ?

ፎቶ ቤቱ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ፣ ደረጃው በግማሽ የሚታጠፍበት ፎቅ ላይ ነው። ፎቶ አንሺው ሠላሳ ያልሞላው ቀጭን ልጅ ነው፤ ሲያወራም ሲያስብም የካሜራውን መስታወት በጨርቅ ይወለውላል። እሷ የሄደችው የእህቷን ጥቁር ኮት ተውሳ ነው። ኮቱ ቁልፉ ሲቆለፍ እስትንፋስም አብሮ ይቆለፍበታል።

እሱም ሥራውን በሚያውቅ ሰው ፍጥነት ነጭ ሸራ ፊት አስቀመጣት። እጅሽን አጣምሪ አላት፤ አጣመረች። አገጭሽን ትንሽ ቀና አድርጊ አላት፤ ቀና አደረገች። እስከዚህ ደህና ነበር። ቀጥሎ ግን፣

"በቃ፣ አሁን ዘና በይና ራስሽን ሁኚ" አላት።

ያኔ ነው ነገር የተበላሸው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እጅ እንዳላት እንኳ ትዝ ብሏት አያውቅም፤ አሁን ሁለቱም እጆቿ የሰው ዕቃ ሆኑባት። ምላስ አፍ ውስጥ በየት በኩል እንደሚቀመጥ ጠፋት። ፈገግ ስትል ጉንጯ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፤ ፈገግታውን ስትሰበስበው ደግሞ ቅንድቧ አብሮ ተሰበሰበ። መብራቱ ቦግ ባለ ቁጥር ቀኝ እግሯ ወለሉን ጥርቅም አድርጎ ይረግጣል።

"እትዬ፣ ወለሉ ምን በደለሽ?" አላት።

ዝቅ ብላ እግሯን አየችው። "ፍሬን መስሎኝ ነው" አለች፤ እሷም ገና ማወቋ ነበር።

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ሲስቁ ግን ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ እሱ ካሜራውን አነሳ፣ እሷም እጇን መልሳ አጣመረች።

ከተነሱት ሁሉ አንዱን መረጡ። እሱም በኮምፒውተሩ ፊቷን አለሰለሰላት፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ድካም ጠረገላት፣ በቀኝ ጉንጯ ላይ ያለችውን ማርያም የሳመቻትን ነጥብ ሳይቀር አጠፋላት። ልጇ ፎቶውን ገጹ ላይ ለጠፈችው። ጎረቤቱም ዘመዱም "አምሮብሻል" አለ። የእህቷ ባል ወንድም ባንክ ያለች ሥራ አስኪያጅ እንደምትመስል ነገራት። ስለ ትምህርቱ ግን አንድም ሰው አልደወለም።

በሦስተኛው ሳምንት አጋማሽ ስልክ ተደወለ። የደወሉት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ አዋላጅ የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ። የሟች ባለቤታቸው መኪና ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ እንደቆመች፣ በሌላ ከተማ ያለች ታናሽ እህታቸውን በራሳቸው መሪ ሄደው መጠየቅ እንደሚመኙ፣ ሦስት ጊዜ ተፈትነው ሦስት ጊዜ እንደወደቁ ሳይደብቁ ነገሯት። የት የት እንደወደቁ ጠየቀቻቸው። ዳገት ላይ፣ ዳገት ላይ፣ ዳገት ላይ። እሷም ስለ ዳገት ጥቂት ነገር አጫወተቻቸው፤ ሳቁ፤ ግማሽ ሰዓት አወሩ። ለነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተቀጣጠሩ።

በነጋታው ከሰዓቱ በፊት መኪናዋን እየወለወለች ሳለ አዋላጇ መልሰው ደወሉ።

"ልጄ፣ አትቀየሚኝ፤ ይቅርብኝ" አሏት። "ትናንት ድምፅሽን ስሰማ ልቤ አርፎ ነበር። ኋላ የወንድሜ ልጅ ፎቶሽን ከፍቶ አሳየኝ። ያ ሦስት ጊዜ የጣለኝ ፈታኝ ቁጭ ብሎ ያየኝ መሰለኝ።"

"ሰውዬው እኔን ይመስላል እንዴ?" አለች፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

"መልኩማ አይመስልሽም። እሱም እንደዚህ እጁን አጣምሮ ነው የሚጠብቀኝ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መወልወያውን ይዛ ቆመች። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ይሆናል፤ እሷን ግን የያዛት ሌላ ነገር ነው። ገጹን ከፍታ ያቺን ጥቁር ኮት የለበሰች ሴት አየቻት። ሴትዮዋ ቆንጆ ናት። ቁጡ ናት። እሷ ራሷ ለማጅ ብትሆን እዚህች ሴት አጠገብ አትቀመጥም። ታዲያ እሷ መኪና ውስጥ ስትቀመጥ ምን ነው የምትመስለው? አስራ አንድ ዓመት በሥራዋ ላይ ስትቆይ አንድም ቀን አይታው የማታውቀው ነገር የገዛ ፊቷ መሆኑ ገረማት።

መጠየቅ ጀመረች። መጀመሪያ ያገኘችው ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማረችውን የዳቦ ቤቱን ሻጭ ነው። ሳስተምርህ ምን እመስል ነበር ብትለው፣ ዳቦውን በወረቀት እየጠቀለለ ብዙ አሰበ።

"እውነቱን ልንገርሽ? ግራ ጆሮሽን አውቀዋለሁ" አላት።

ከመደርደሪያው ወጥቶ በቀኝ በኩል ዞሮም አያት። ያቺን የጉንጯን ነጥብ ሲያይ ከየት መጣች ብሎ ጠየቃት። ሦስት ወር አብሯት ተቀምጦ ግማሽ ፊቷን ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ቀጥሎ አምና ያስተማረቻትን አንዲት የሒሳብ መምህርት መንገድ ላይ አስቆመቻት። መምህርቷ ፊቷን ጨርሶ አታስታውስም፤ የምታስታውሰው እጇን ነው። የእትዬ ቀስ እጅ ጭኗ ላይ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ ከተዘረጋ ሁሉ ሰላም ነው፤ ከተገለበጠ ግን አንድ ነገር ሊመጣ ነው ማለት ነው። መምህርቷ በዚያ እጅ ነበር የምትነዳው፤ ከመንገዱ ምልክት ይልቅ እሱን ነበር የምታምነው። ይህን ለእትዬ ቀስ እስከዛሬ የነገራት ሰው አልነበረም። ቤቷ እስክትደርስ እጇን እያገላበጠች አየችው።

ቤት ገብታም መስታወት ፊት ቆመች። ከጎን ልታይ ሞከረች፤ ራስን ከጎን ማየት ግን ጥላን እንደ መያዝ ነው። በር ላይ ደርሳ ያየቻት ልጇ፣ "እማ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?" ብላት አለፈች።

በማግስቱ የፎቶ ቤቱን ደረጃ ወጣች። ፎቶ አንሺው ልትጣላው የመጣች መስሎት ቶሎ ብሎ ጨርቁን አነሳ። ፎቶው ምን ጎደለው? ብርሃኑ ልክ ነው፣ ጥራቱ ልክ ነው፣ ሰዉ ሁሉ የሚፈልገው እንደዚህ ነው። ግድግዳውን አሳያት። እውነቱን ነበር፤ ግድግዳው ላይ የጥርስ ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ ቤት አሻሻጯም፣ የኬክ ቤቷ ባለቤትም እጃቸውን አጣምረው ተሰልፈዋል። እሷም ለማወቅ ያህል እየጠቆመች የማን ሥራ ምን እንደሆነ ልትገምት ሞከረች። የጥርስ ሐኪሙን ጠበቃ አለችው፤ ኬክ ጋጋሪዋን የጥርስ ሐኪም አለቻት። አንዱንም አላገኘችም።

"ያንተስ የታለ?" አለችው።

"የምኔ?"

"ፎቶህ። የዚህ ቤት ባለቤት ፊት የታለ?"

መወልወሉን ቀጠለ። ቆይቶ ግን እውነቱን አወጣው፤ እሱ ካሜራ ፊት ሲቆም ትከሻው ጆሮው ላይ እንደሚወጣበት፣ ሁለቴ ሞክሮ ሁለቱንም እንዳጠፋቸው ነገራት። እሷም አልሳቀችበትም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

"አየህ ወንድሜ፣ እኔ በአስራ አንድ ዓመት ሥራዬ ለአንድ ለማጅ 'አትፍራ' ብዬው አላውቅም" አለችው። "አትፍራ ያልከው ሰው ወዲያው ፍርሃቱን ፍለጋ ነው የሚሄደው። እኔ 'ስፖኪዮህን አስተካክል' ነው የምለው። እጁ ሥራ ሲያገኝ ልቡም ይከተላል።"

ጨርቁን አቆመ። "እኔ ታዲያ ምን ሥራ ሰጠሁሽ?"

"ኮት መቆለፍ።"

ያን ቀን ሻይ አስመጥቶ ብዙ አወሩ። እሱም እንደሷ ሆኖ ነገሩ ውስጥ ገባ፤ ትንንሽ ልጆችን ሲያነሳ ምን እንደሚያደርግ ትዝ አለው። መጫወቻ ሰጥቶ ይጠብቃል እንጂ "ራስህን ሁን" አይላቸውም። ታዲያ ለትልቅ ሰው ሲሆን ለምን ይረሳዋል? ስለዚህ ፎቶው መነሳት ያለበት መኪናዋ ውስጥ፣ እውነተኛ ለማጅ ባለበት ነው ብለው ተስማሙ። የእህቷ ባል ወንድም አይሆንም፤ እሱ አይፈራም፣ የሚፈሩት አጠገቡ የሚያልፉት ናቸው።

ለአዋላጇ ደወለች። ተማሪ ሁኑልኝ አላለቻቸውም። መኪናው ውስጥ የምትቀመጠዋ ሴት የፎቶዋ ሴት ትሁን የስልኳ፣ መጥተው አይተው እንዲፈርዱ ለመነቻቸው። አዋላጇም ነገሩ ሳይገርማቸው አልቀረም፤ መጣሁ አሉ፣ በአንድ ውል። መሪ የሚባል ነገር አይነኩም።

የልምምድ ሜዳው ዳር ላይ ተገናኙ። አዋላጇ አጠር ያሉ፣ ደልደል ያሉ፣ ቦርሳቸውን እንደ መድን ደረታቸው ላይ የያዙ ሴት ናቸው። ፎቶ አንሺው ጉልበቱ አገጩን እስኪነካው የኋላው ወንበር ላይ ተጣጥፎ ገባ። አዋላጇ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እሷ መሪውን ይዛ ሜዳውን ዞረች። እየነዳች የምታደርገውን ሁሉ ትነግራቸዋለች። ካሜራው ጠቅ ባለ ቁጥር ግን ወደ ኋላ ዘወር ብላ ያንኑ የሸራውን ፈገግታ ታሳየዋለች።

አዋላጇ ሁለቴ ታገሷት። በሦስተኛው ግን፣

"ልጄ፣ የምታስተምሪው እኔን ነው ወይስ እሱን?" አሏት።

አፈረች። መኪናውን አቆመችና ለፎቶ አንሺው ካሜራውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለአስር ደቂቃ ተሳፋሪ እንዲሆን ነገረችው። እሱም ታዘዘ። አዋላጇ መሪውን ያዩታል፣ መስኮቱን ያያሉ፣ መሪውን ያዩታል።

"ለመያዝ ያህል ብቻ" አሉ መጨረሻ ላይ።

ወንበር ተለዋወጡ። እሷ ወደ ቀኝ ወንበሯ፣ ወደ አስራ አንድ ዓመት ቦታዋ ስትመለስ ጀርባዋ ራሱ ወንበሩን አወቀው። አዋላጇን ስፖኪዮ አስተካክሉ አለቻቸው። ወንበር ወደፊት ሳቡ አለቻቸው። ቀበቶ፣ ማርሽ፣ የእጅ ፍሬን። ከዚያ ዝቅ ብላ እግራቸውን አየች። የግራ እግራቸው ፍሪሲዮኑ ላይ እንደ ድንጋይ ተጭኗል፤ ሊለቁት ሲሉ በአንዴ ይዘላል። ሞተሩ ሁለቴ ጠፋ። ሌሎቹ አስተማሪዎች "ቀስ ብለው ይልቀቁ" እያሉ እንዳደነቆሯቸው ገባት። እሷ ራሷ እትዬ ቀስ ተብላ ያን ቃል ዋጠችው።

"የሕፃን ራስ ሲመጣ እጅዎ ምን ያደርጋል?" ብላ ጠየቀቻቸው።

ዘወር ብለው አዩዋት። "ይቀበላል እንጂ አይስብም። አይገፋም። ልጁ ራሱ ነው የሚመጣው፤ አንቺ ታጅቢዋለሽ።"

"በግራ እግርዎ እንደዚያ ያድርጉት።"

አዋላጇ ትንሽ አሰቡ። እግራቸው ተነሳ፤ በእንክብካቤ፣ በልክ፣ እንደሚያውቀው ሥራ። ሰማያዊዋ መኪና ሳትንገጫገጭ ተንቀሳቀሰች።

"አርባ ዓመት በእጄ የማውቀውን ሦስት ዓመት ሙሉ በእግርሽ ፈልጊው ሲሉኝ ኖሩ" አሉ፤ መሪው ላይ እንዳፈጠጡ።

ሜዳውን ሁለቴ ዞሩ። ሦስተኛውን ሲዞሩ ከሜዳው ጀርባ ወዳለው ዳገት የታጠፉት እሳቸው ናቸው፤ ማንም አላዘዛቸውም። ዳገቱ መሀል ላይ አንድ ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ፊታቸው ቆመ። ቆሙ። ሚኒባሱ ሄደ። ሊነሱ ሲሉ ሞተሩ ጠፋ፣ መኪናዋም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላ የአንድ ግቢ ግንብ አለ። አዋላጇ ሁለቱንም እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሱ።

የእትዬ ቀስ ቀኝ እግር ቀድሞ ወርዶ ነበር። መኪናዋ ቀጥ አለች።

"ያዝሽው?" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ።

"ይዤዋለሁ። እርስዎ ልቀቂ እስኪሉኝ ድረስ አልለቅም።"

ከኋላ ክላክስ ተነፋ። ማንም አልቸኮለም። አዋላጇ መጀመሪያ ተነፈሱ። ሞተር አስነሱ። ማርሽ አስገቡ። የግራ እግራቸው ሕፃኑን መቀበል ጀመረ፣ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ትንሽ ከፍ አለ።

"አሁን ልቀቂ" አሉ።

ለቀቀች። መኪናዋ ዳገቱን ወጣች። ጫፍ ላይ ሲደርሱ አዋላጇ ዳር ይዘው አቁመው የእጅ ፍሬኑን ሳቡና ቦርሳቸውን ከጎናቸው አንስተው መልሰው ደረታቸው ላይ አደረጉ። በዚህ መሀል ፎቶ አንሺው መኖሩን ሁለቱም ረስተውት ነበር። ዘወር ቢሉ በአንድ እጁ የበሩን እጀታ ጨብጧል፣ በሌላው ካሜራውን። አስሩ ደቂቃ ማለፉን ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር፤ ግን ማቋረጥ ስላልሆነለት ሳይሰሙት ጠቅ አድርጎ ነበር።

ፎቶውን ማግስቱን ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ልጇንም ይዛ አየችው። ከፊት ሁለት ያረጁ፣ ጠንካራ እጆች መሪ ጨብጠዋል። ቀጥሎ የእትዬ ቀስ ግራ ጎን አለ፤ ጆሮዋ፣ የተገለበጠ የሸሚዝ ኮሌታዋ፣ ጭኗ ላይ መዳፉ ወደ ላይ የተዘረጋ እጇ። በላይ ደግሞ በትንሿ ስፖኪዮ ውስጥ፣ ክብሪት ሳጥን በምታህል ቦታ፣ ሙሉ ፊቷ። ካሜራውን አላየችም። መንገዱንም አላየችም። ወደ ታች፣ ወደ አዋላጇ እግር ነው የምታየው፤ የምላሷን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ።

መጀመሪያ ደስ አላላትም። ፀጉሯ ተፈቷል። ኮሌታዋ እንደዚያ ሆኖ እንዴት አንድ ሰው አልነገራትም? ምላስን መንከስ ምን የሚሉት ነው፤ ስንት ተማሪ አይቶ ስቆባት ይሆን?

"ይሄ እኮ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገቢ የምታሳዪው ፊት ነው" አለች ልጇ። "ከተወለድኩ ጀምሮ አየዋለሁ። ያኛዋን የኮቷን ሴትዮ ነው የማላውቃት።"

ፎቶ አንሺው ጨርቁን ይዞ የጉንጯን ነጥብ ላጥፋት ወይ ብሎ ጠየቀ። ስክሪኑን ተጠግታ አየች። ነጥቧ በስፖኪዮው ውስጥ በጣም ትንሽ ናት፤ የሚያውቃት ካልሆነ አይለያትም።

"ተዋት" አለችው። "ኮሌታዬንም ተወው፤ እንደዚያ ነው የዋልኩት።"

አዋላጇ ደግሞ ሲጠየቁ ፊታቸው አለመታየቱን ወደዱት። እጃቸው ግን ይታይ አሉ፤ እጃቸው የሚያፍሩበት ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን እንደሚመጡ፣ ሰዓቱን እሷ እንድትመርጥ ነገሯት። የአዋላጇን ፍርድ በዚህ አወቀች።

ፎቶው ገጹ ላይ ከወጣ በኋላ ስልኩ እንደ ጎርፍ አልጮኸም። ጠብ ጠብ ግን አለ። አራት ጊዜ የወደቀ አንድ አናጢ ደወለ፤ መጀመሪያ የጠየቃት ያቺ እጅ የማን እንደሆነች ነው፣ የተዘረጋችዋ። መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት ደወለች። አንዱ ደግሞ ደውሎ ልጄን አስተምሪልኝ ካለ በኋላ ልጁ አልፈለገም ብሎ ቀረ። እንዲህ እንዲህ እያለ የወሩ መጨረሻ ቀን ደረሰ። ቆጠረች። አዋላጇ፣ አናጢው፣ የመድኃኒት ቤቷ፣ የእህቷ ባል ወንድም። አራት።

ያን ቀን የአዋላጇ ተራ ነበር። ቃል ስለገባች ወደ ቀድሞ አለቃዋ መሄድ እንዳለባት ነገረቻቸው። እንግዲያው እኔ ላድርስሽ አሉ። አደረሷትም፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከተማውን ሁሉ ከኋላቸው አሰልፈው።

ቢሮው እንደነበረው ነው። ጠረጴዛው፣ የመንገድ ምልክቶቹ ሰሌዳ፣ ምስማሩ፣ ምስማሩ ላይ የሰባት ቁጥር ቁልፍ። ከቁልፉ በላይ ግድግዳው ላይ የአስተማሪዎቹ ፎቶ ተደርድሯል። በዚያ ግድግዳ ሥር አስራ አንድ ዓመት አልፋለች፤ ቀና ብላ ያየችው ግን ዛሬ ነው። አስራ አራት ሰው እጁን አጣምሯል። አምስተኛዋ እሷ ናት። ገና የተቀጠረች ጊዜ የተነሳችው ነው፤ ቀጭን፣ አገጯን ቀና ያደረገች፣ የሰው ኮት የለበሰች። ያን እጅ አጣምሮ መነሳት ከየት እንደተማረችው አሁን ገባት።

አለቃዋ ከወንበራቸው ተነስተው ጨበጧት። አዲሱን ፎቶ አይተውታል። "አስራ አንድ ዓመት እዚህ ስትሠሪ ምላስሽን እንደምትነክሺ አላውቅም ነበር" አሏት። ከዚያ ቁልፉን ከምስማሩ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት።

"አምስት ተማሪ ካገኘሁ እቆማለሁ ብዬ ነበር ጋሼ" አለች። "አራት ነው ያገኘሁት።"

"እና?"

ቁልፉን አየችው። የቁልፉ መያዣ ላስቲክ የተላጠው በእሷ ጣት ነው። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ሰማያዊዋ መኪና ትታያለች፤ ከእግረኛው መንገድ ትንሽ ጠማማ ሆና ቆማለች፣ ውስጧ ሁለት እጆች መሪውን አልለቀቁም። ከእነዚያ እጆች ጋር ዳገት ላይ የተነጋገረችው ትዝ አላት። ልቀቂ እስኪሉኝ ድረስ አልለቅም። ዳገቱ ላይ ለቃለች፤ ይህን ሥራ ግን ማንም ገና ልቀቂ አላላትም።

"እናማ፣ ቁልፉን ለሰው ይስጡት" አለች። "እኔ ፎቶዬን ብቻ ነው የምወስደው።"

ሰውዬው ግራ ተጋቡ። ቆይተው ሳቅ አሉ፤ ወንበር ላይ ወጥተው ራሳቸው አወረዱላት። ፎቶው የወረደበት ቦታ ላይ ከግድግዳው ይልቅ የነጣ አራት ማዕዘን ቀረ። እዚያ ቦታ ማንን እንደሚሰቅሉ አማከሯት። ማንንም ቢሰቅሉ መጀመሪያ መሪ እንዲያስይዙት ነገረቻቸው።

መኪናዋ ጋ ስትደርስ በቀኝ በኩል ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች። አዋላጇ እጇ ላይ ያለውን ነገር እያዩ፣ "ሰጡሽ?" አሏት።

"ቁልፉን አይደለም። ይቺን ነው" ብላ አሳየቻቸው።

ፎቶውን ተቀብለው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው መረመሩት። ልጅቷን አዩ፣ ወደ ጎን ዘወር ብለው እሷን አዩ፣ ልጅቷን አዩ።

"ይቺን አላውቃትም" አሉና መለሱላት። ስፖኪዮአቸውን አስተካከሉ። "በዳገቱ እንመለስ?"

እትዬ ቀስ እጇን ጭኗ ላይ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጋ ዘረጋች።